አብራሪ የሌለው የአየር ታክሲ፦ ለጣራው መከታ የሠራለት ማን ነው?



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዜና ማሰራጫዎች አንድ እንግዳ ምስል ደጋግማችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሁለት ሰዎች ትንሽ መስተዋት ለበስ ክፍል ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ያስራሉ። በፊታቸው መሪ የለም፣ ፔዳል የለም፣ አብራሪም የለም። ጥቂት ቆይቶ ከበታቻቸው ያሉት ፕሮፔለሮች መሽከርከር ይጀምሩና ብድግ አድርገው ወደ ሰማይ ይወስዷቸዋል። ይህ ፊልም አይደለም። ሰው እንዲጭን በመንግሥት የተፈቀደለት ድሮን ነው።

ምናልባት "ይህ ለእኛ ለምእመናን ምን ያደርግልናል?" ትሉ ይሆናል። ሆኖም የአየር ታክሲ በቅርቡ ይጀመርባቸዋል ከሚባሉት ከተሞች መካከል ዱባይና ሎስ አንጀለስ ይገኙበታል። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፣ አብያተ ክርስቲያናትም አሉን። ከዚህም በላይ እኛ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ውስጥ ኮምፒውተርና ሰው ሲጣሉ ምን እንደሚሆን በራሳችን ምድር ያየን ሕዝብ ነን። ስለዚህ ጉዳዩን በጸሎትና በማስተዋል ልንመረምረው ይገባል።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሰው የሚጭን ድሮን ለሕዝብ በመታየት ቀዳሚ የሆነው የቻይናው ኢሃንግ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ አውደ ርእይ ላይ አንድ ሰው የሚይዝ ድሮን አቀረበ። ከዚያ በኋላ የሠራው ኢኤች 216-ኤስ የተባለው ደግሞ ሁለት ሰው ይይዛል። 16 ፕሮፔለሮች አሉት፤ እያንዳንዱም በራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ይዞራል። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 130 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአንድ ጊዜ የባትሪ ሙሌት በአየር ላይ የሚቆየው ግን 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ተሳፋሪው ከመቀመጥ በቀር ሥራ የለውም። መንገዱ አስቀድሞ በኮምፒውተር ተወስኗል፤ በረራውንም በምድር ያለ የመቆጣጠሪያ ማዕከል በሞባይል ኔትወርክ ይከታተለዋል። የቻይና ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለዚህ ድሮን የብቃት ማረጋገጫ የሰጠው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ደግሞ በጓንጁና በኸፌይ ከተሞች ለሚሠሩ ሁለት ድርጅቶች መንገደኛን በክፍያ የማብረር ፈቃድ ተሰጣቸው።

በአሜሪካም በቦይንግ ባለቤትነት ሥር ያለው ዊስክ የተባለ ኩባንያ አራት ሰው የሚይዝ፣ አብራሪ የሌለው የአየር ታክሲ በማዘጋጀት ላይ ይገኛል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ተስፋውና እውነታው

ይህ በእንዲህ እንዳለ የተነገረው ሁሉ እንዳልተፈጸመ ማወቅ ያስፈልጋል። የዱባይ የመንገድና የትራንስፖርት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 አብራሪ የሌለው የኢሃንግ ድሮን በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሰው ማመላለስ እንደሚጀምር አስታውቆ ነበር። ጁላይ መጥቶ አለፈ፣ አገልግሎቱም አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዱባይ የስድስት ዓመት ውል የፈረመችው ጆቢ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ነው። የጆቢ ታክሲ አራት መንገደኛ ይይዛል፤ የሚያበረውም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የአየር ታክሲ አቅራቢ ሆኖ የተመረጠው አርቸር የተባለው ኩባንያም እንዲሁ አብራሪ ያለው ነው።

በአውሮፓ ደግሞ ቮሎኮፕተር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ መንገደኞችን ለማመላለስ አቅዶ ነበር። የብቃት ማረጋገጫው ስላልደረሰለት ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀረ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ኩባንያው መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ሊሊየም የተባለው ሌላው የጀርመን ኩባንያም ከእርሱ ቀደም ብሎ በኦክቶበር እንዲሁ አድርጎ ነበር። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድና አስቀድሞ ወጪውን ስለሚቆጥር ሰው ያስተማረውን ልብ ይሏል (ሉቃ. 14፥28)። ገንዘብ የቸገረው ኩባንያ ለመጀመር ይቸኩላል። ችኮላ ደግሞ ለበረራ ደህንነት ጠላት ነው።

ደጋፊዎቹ የሚሉት

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አስቀድመን የደጋፊዎቹን ሐሳብ እንስማ። ከአውሮፕላን አደጋዎች ብዙዎቹ የሰው ስሕተት ያለባቸው ናቸው ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ኮምፒውተር አይደክምም፣ አይጠጣም፣ አይናደድም። እ.ኤ.አ. በማርች 24 ቀን 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ዋናውን አብራሪ ከውጭ ቆልፎበት አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከፈረንሳይ ተራራ ጋር ሲያላትመው 150 ሰዎች አልቀዋል። "የሰው ልብ ሁልጊዜ የታመነ ነው" ብሎ የሚከራከር ክርስቲያን መቼም አይኖርም።

ደግሞም የሞተሮቹ ብዛት አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ እንዲሸከሙ ያስችላል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ የሚበላሽ ነገሩም ያንሳል። ሊፍትም በድሮ ጊዜ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ነበረው፤ ዛሬ ግን ማናችንም ሊፍት ውስጥ ስንገባ ነጂው የት አለ ብለን አንጠይቅም። እነዚህ ሁሉ ሊናቁ የማይገባቸው ነጥቦች ናቸው።

ይሁን እንጂ የሚያሳስቡ ነገሮች አሉ

አንደኛው ባትሪው ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ የሚይዘው ጉልበት አንድ ኪሎ የሊቲየም ባትሪ ከሚይዘው ከ40 እጥፍ በላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ በቀን ብርሃን መሬት እያየ የሚበር ሄሊኮፕተር ወደ መድረሻው ከደረሰ በኋላ ለ20 ደቂቃ የሚበቃ መጠባበቂያ ነዳጅ እንዲኖረው ይገደዳል። እንግዲህ ጠቅላላ የበረራ ጊዜው 25 ደቂቃ ያህል ለሆነ ድሮን መጠባበቂያው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል እናንተው አስቡት። ማረፊያው ቢዘጋ ወይም ድንገት ነፋስ ቢነሣ ሌላ ቦታ ፈልጎ ለማረፍ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

ባትሪ ሌላም ጠባይ አለው። አንዱ ክፍል ከመጠን በላይ ሲግል ጎረቤቱን ያቀጣጥላል፣ ያም ሌላውን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 በዓለም ያሉ ቦይንግ 787 ድሪምላይነሮች በሙሉ ከበረራ የታገዱት በባትሪ ቃጠሎ ምክንያት ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ 12 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር በለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ በእሳት ተያያዘ። ምርመራው እንዳሳየው መነሻው ለአደጋ ጊዜ ጥሪ በሚያገለግል መሣሪያ ውስጥ የነበረ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በወቅቱ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ትንሽ ባትሪ ይህን ካደረገ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣ ባትሪ በጥብቅ ሊጠበቅ አይገባውም ትላላችሁ?

ሁለተኛው፣ ኃይሉ ሲቋረጥ የሚሆነው ነገር ነው። ተራ አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋ በክንፎቹ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሄሊኮፕተርም ሲወርድ ነፋሱ ትልቁን ክንፉን ስለሚያዞርለት የሠለጠነ አብራሪ በሰላም ሊያሳርፈው ይችላል። በትናንሽ ፕሮፔለሮች ብቻ የሚበር ድሮን ግን ክንፍ ስለሌለው መንሸራተት አይችልም። ተስፋው ሁሉ ሞተሮቹ በአንድ ጊዜ እንደማይቆሙ ነው።

ሦስተኛው፣ እጁ ብዙ ራሱ ግን አንድ መሆኑ ነው። 16 ሞተር መኖሩ ጥሩ ነው፤ ሁሉም የሚታዘዙት ግን ለአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮቹ ሁለትና ሦስት ቢሆኑ እንኳ የተጻፈባቸው ትእዛዝ አንድ ከሆነ ስሕተቱም በሁሉም ላይ አንድ ይሆናል።

አደጋዎችም አልታጡም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የጆቢ የሙከራ በራሪ በካሊፎርኒያ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ደግሞ ቨርቲካል የተባለው ኩባንያ በራሪ በእንግሊዝ ወድቀዋል። ሁለቱም ሰው ሳይጭኑ ከምድር እየተመሩ ነበር፤ በሁለቱም አደጋ ላይ የፕሮፔለር ክንፍ ተነቅሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በቻይና ቻንግቹን ከተማ ሁለት በራሪ መኪኖች ለአየር ትርኢት ሲለማመዱ በአየር ላይ ተጋጭተው አንደኛው ሲያርፍ በእሳት ተያይዟል። እነዚህ አደጋዎች ቴክኖሎጂው ፈጽሞ አይሆንም አያሰኙም። ገና በትምህርት ላይ ያለ መሆኑን ግን ያሳያሉ።

ከጊምቢቹ ሜዳ የተማርነው

የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ በከተማ ላይ በክፍያ ሰው የሚጭን እንዲህ ያለ በራሪ ሰው የሚጨርስ ብልሽት የሚደርስበት ዕድል በአንድ ቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ የበለጠ መሆን የለበትም። አንድ ቢሊዮን ሰዓት ማለት አንድ በራሪ ሳያርፍ ከ114,000 ዓመት በላይ ቢበር ማለት ነው። ይህን ያህል በሙከራ አብርሮ ማረጋገጥ የሚችል የለም። የሚረጋገጠው በስሌት ነው። ስሌቱ ደግሞ የሚሠራው በሰው ነው።

እዚህ ላይ ልባችን የሚያዝንበትን ቀን እናስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ብዙዎቻችን ለአምልኮ በምንዘጋጅበት ሰዓት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በጊምቢቹ ወረዳ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አውሮፕላኖች ላይ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ከአንድ የተሳሳተ ሴንሰር በተቀበለው መረጃ ተመርቶ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር ይደፋ ነበር። አብራሪዎቹ እስከ መጨረሻው ታገሉት፤ አልሆነላቸውም።

ያም አውሮፕላን የብቃት ማረጋገጫ ነበረው። ያም ስሌት በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። የጎደለው ሐቀኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ሁለት ባለሙያዎቹ ስለዚሁ ፕሮግራም ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት እንዳሳሳቱ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። የወንጀል ክሱ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ የሟች ቤተሰቦች እየተቃወሙ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ተዘጋ።

እንግዲህ ወገኖች ሆይ፣ ልብ በሉ። በዚያ አውሮፕላን ላይ ቢያንስ ማሽኑ ሲሳሳት የሚታገል አብራሪ ነበረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 15 ቀን 2009 በኒው ዮርክ ወፎች ሁለቱንም ሞተር ያበላሹበት አውሮፕላንም ካፒቴኑ ሀድሰን ወንዝ ላይ ለማሳረፍ በቅጽበት በመወሰኑ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል። አብራሪ በሌለበት ድሮን ውስጥ ግን ያ የመጨረሻ ሰው የለም። ስለዚህ አብራሪው ሲወጣ ሥራው አብሮት አይጠፋም፤ ፕሮግራሙን ወደሚጽፈው፣ ባትሪውን ወደሚመረምረው፣ ፈቃዱን ወደሚፈርመው ሰው ይዛወራል። አብራሪ የሌለው በራሪ አለ፤ ተጠያቂ የሌለው በራሪ ግን ሊኖር አይገባም።

የእግዚአብሔር ቃል ምን ያስተምረናል?

አንዳንድ ወገኖች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ወዲያው ዳንኤል 12፥4ን ጠቅሰው "የዘመን ፍጻሜ ምልክት ነው" ይላሉ። የጌታን መምጣት መናፈቅ መልካም ነው። ይሁንና አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ትንቢት ብቻ እየፈለግን ትእዛዙን ብንረሳው አይጠቅመንም። ለዚህ ጉዳይ ከትንቢቱ ይልቅ ሁለት የሙሴ ሕጎች ይቀርቡናል።

የመጀመሪያው ዘዳግም 22፥8 ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ይህን ባያደርግና ሰው ከጣራው ወድቆ ቢሞት ግን የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ተጽፏል። አስተውሉ፤ እግዚአብሔር አዲስ ቤት መሥራትን አልከለከለም፣ ጣራ ላይ መውጣትንም አልነቀፈም። መከታው ግን ሰው ከመውደቁ በፊት መሠራት አለበት። "እስካሁን ማንም አልወደቀም" የሚል መልስ በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የለውም።

ሁለተኛው ዘጸአት 21፥28-29 ነው። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው። በሬው ቀድሞ ተዋጊ እንደሆነ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ባለቤቱ ራሱ ይጠየቃል። በሬም ያለ ነጂ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የእግዚአብሔር ሕግ "በሬው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" የሚል ምክንያት አልተቀበለም። ጥያቄው "አስቀድመህ ታውቅ ነበርን?" የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከ3,000 ዓመት በኋላም ለበራሪ ሠሪዎች እንዳለ ሊቀርብ ይገባዋል።

ከሥር ያለውን ባልንጀራ አንርሳ

በዚህ ርእስ ላይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የተሳፋሪው ደህንነት ነው። ተሳፋሪው ግን ቢያንስ ወድዶና ከፍሎ ይገባል። ከበረራው መንገድ በታች የሚኖረውስ? በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ልብስ ለማስጣት ወደ ጣራ ይወጣሉ፤ የቀን ሠራተኞችም በፀሐይ ይውላሉ። እነርሱ ቲኬት አልቆረጡም፣ ፈቃዳቸውንም የጠየቃቸው የለም። ባለጸጋው ከትራፊክ መጨናነቅ አሥር ደቂቃ ሲያተርፍ አደጋውን የሚካፈለው ድሀው መሆኑ ሚዛናዊ አይደለም። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ ከበታች ያለውንም ይጨምራል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ በረራዎች መጀመሪያ በውኃና በባዶ መሬት ላይ ብቻ እንዲደረጉ መጠየቅ ፍርሃት ሳይሆን ፍቅር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከእናንተ መካከል አንድ ቀን ይህ ዕድል የሚገጥመው ሊኖር ይችላል። "ልሳፈርበት ወይስ አልሳፈርበት?" ለሚል ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለንም። ነገር ግን ከመሳፈራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ፈቃዱን የሰጠው የየትኛው አገር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው? ፈቃዱ ለሙከራ ነው ወይስ ለመንገደኛ?
2. ባትሪው ለጉዞው ከሚያስፈልገው በላይ ምን ያህል መጠባበቂያ አለው? በመንገዱ ላይ ሌላ ማረፊያስ ተዘጋጅቷል?
3. ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ በራሪው ምን ያደርጋል?
4. ነፋስ ወይም አሸዋ ቢነሣ በረራውን የሚያስቀረው ማን ነው? ያ ሰው በረራ በማስቀረቱ ከአለቆቹ ቁጣ ይደርስበታልን?
5. አደጋ ቢደርስ በሕግ የሚጠየቀው ማን ነው?

ለእነዚህ ግልጽ መልስ የሚሰጥ ድርጅት መከታውን መሥራት የጀመረ ነው። በመልሱ ፈንታ ፈገግታና ማስታወቂያ ብቻ ካሳያችሁ ግን በመኪና መሄድ አያሳፍርም።

"እኔ በጌታ ነው የምታመነው፣ ምን እሆናለሁ?" የሚል ወገንም አይጠፋም። ሰይጣን ጌታችንን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ፣ ጌታ አብን እንደማይፈታተን ነው የመለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)። ጸሎት የምርመራ ምትክ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 27 የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ማስጠንቀቂያ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት ቃል ሰማ፤ መርከቡም ጠፋ። እግዚአብሔር በምሕረቱ ሰዎቹን አተረፋቸው፤ ማስጠንቀቂያው ግን አስቀድሞ ተሰጥቷቸው ነበር።

በአውሮፕላን ጥገና፣ በኮምፒውተር ሙያና በምህንድስና የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች በየአብያተ ክርስቲያናቱ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ነገ እንዲህ ያለውን በራሪ የምትፈትሹ ትሆናላችሁ። የማታምኑበት ወረቀት ቀርቦላችሁ "ፈርሙ፣ ጊዜ የለንም" ስትባሉ፣ እጃችሁን የመሰብሰብ ጸጋ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በዚያች ሰዓት መከታው እናንተ ናችሁና። ቤተ ክርስቲያንም ወንጌል ሰባኪዎቿን እንደምታስብ ሁሉ እነዚህን ልጆቿን በጸሎት ልታስባቸው ይገባል።

በጊምቢቹ ወዳጆቻቸውን ያጡትን ቤተሰቦች ጌታ ያጽናናቸው። ለእኛም ማስተዋልን ያብዛልን። አሜን።